የሰኞ ጠዋት ሜሞሪ

አምቦ ውስጥ በአንድ ኮሌጅ የኮምፒውተር ባለሙያ ሆኜ ስቀጠር፣ ከእኔ በፊት የነበረው ሰው ሥራውን ያስረከበኝ ቆሞ ነው። አዲስ አበባ የተሻለ ቦታ አግኝቶ ስለነበር ልቡ መንገድ ላይ ነበር። ቁልፉን ሰጠኝ፣ የይለፍ ቃሉን ነገረኝ፣ ሰርቨሩ ያለበትን ጠባብ ክፍል ከፍቶ አሳየኝ። ከግቢው ሊወጣ ሲል ተመለሰና፣ ሰኞ ሰኞ ጠዋት ከስብሰባው በፊት ማሽኑን አጥፍተህ አብራው አለኝ። ለምን ብዬ ስጠይቀው፣ ሪፖርቱ ያምራል ብሎኝ ባጃጅ ውስጥ ገባ።

ሰርቨሩ የተማሪዎቹን ስም፣ ምዝገባና ውጤት የያዘ ጥቁር ሣጥን ነው። የሚሠራው በሊኑክስ ነው። ሊኑክስ ኮምፒውተሩን ከውስጥ የሚያስተዳድር፣ የማይከፈልበት ሥርዓት ነው፤ የማይከፈልበት በመሆኑም የግዢ ክፍላችን ጨርሶ አያምነውም ነበር። ለማንኛውም ይሠራል። እኔ በነበርኩበት ዘመን ሁሉ ማሽኑ በራሱ ጥፋት የቆመበትን ቀን አላስታውስም።

ሰኞ ጠዋት የሚደረገው ስብሰባ የኮሌጁ ዋና ሥራ ነበር ብል ብዙ አላጋነንኩም፤ ማስተማሩ ከእሱ ቀጥሎ ነው የሚመጣው። እያንዳንዱ ክፍል የሳምንቱን ሪፖርት ያነባል። የዕቅድ ክፍሉ ባልደረባ ቁጥሮቹን ተቀብሎ ግድግዳው ላይ በተለጠፈ ትልቅ ወረቀት ላይ መስመር ያሰምርባቸዋል። ኃላፊያችን መስመር ወደ ላይ ሲወጣ ፊታቸው የሚበራ ሰው ነበሩ። ክፉ ሰው አልነበሩም፤ የሠራተኛ ለቅሶ አያመልጣቸውም፣ የታመመ ይጠይቃሉ፣ ወንዱን ሁሉ «ኦቦሌሳ ኮ»፣ ወንድሜ፣ እያሉ ነው የሚጠሩት። ወደ ታች የሚወርድ መስመር ሲያዩ ግን ቤታቸው ሌባ የገባ ያህል ይደነግጣሉ።

ከእኔ የሚፈለገው የሜሞሪ ሪፖርት ነበር። ሜሞሪ ማሽኑ በእጁ ያለውን ሥራ ለጊዜው የሚያኖርበት ቦታ ነው። «ፍሪ» የሚባለውን ትእዛዝ ስትሰጠው ሊኑክስ ስለዚህ ቦታ ስድስት ቁጥር ይዘረዝርልሃል። የእኛ ሰንጠረዥ ግን የሚቀበለው ሦስቱን ብቻ ነው፦ ጠቅላላ፣ የተያዘ፣ ነፃ። የቀሩት ሦስቱ የተጣሉት ወረቀቱ ስለጠበባቸው ነው። ከሦስቱም ኃላፊው የሚያዳምጡት የመጨረሻውን ነበር። ነፃው ብዙ ከሆነ ማሽኑ ጤነኛ ነው፣ ባለሙያውም ጎበዝ ነው።

በመጀመሪያዎቹ ሳምንታት እንደተባልኩት አደረግኩ። ማሽን ጠፍቶ ሲበራ ሜሞሪው ባዶ ይሆናል፤ ባዶው ነፃ ተብሎ ይነበባል፤ ኃላፊው ራሳቸውን በደስታ ይነቀንቃሉ፤ መስመሩም ይወጣል። ችግሩ ሰኞ ሰኞ የሬጅስትራር መስኮት ፊት የሚቆመው ሰልፍ እስከ ግቢው በር መድረሱ ነው። መስኮቷ ላይ የሚሠሩት ብዙ ዘመን ያገለገሉ ሴት ነበሩ። አንድ ቀን ሻይ ስንጠጣ ማሽኑን አሙልኝ፤ ሰኞ ተማሪዎቹን አያውቃቸውም፣ ማክሰኞ ግን ስማቸውን ጽፌ ሳልጨርስ ያመጣቸዋል አሉኝ። ደግሞስ ሰኞ ማን ሰው ይሠራል ብለው ሳቁ።

እኔ አልሳቅኩም። ነገር ከገባብኝ የማልተኛ ሰው ነኝ፣ ይህን ሚስቴም ትመሰክራለች። በዚያ ሰሞን በአካባቢያችን ኢንተርኔት ተቋርጦ ስለነበር የምጠይቀው ሰው አልነበረኝም። ሊኑክስ ግን የራሱን መመሪያ በሆዱ ይዞ ነው የሚዞረው። ከተማው ሁሉ ፌስቡክ አጥቶ ሲቆዝም እኔ ያንን መመሪያ ከፍቼ ማንበብ ጀመርኩ። እንደ ደረቅ እንጀራ የሚታኘክ ጽሑፍ ነው፤ ቢሆንም ሰኞ ጠዋት ከምንሰማው ሁሉ ይልቅ እውነት ነበረበት።

ነገሩ እንዲህ ነው። ሊኑክስ ሥራ ፈት ሜሞሪ አይወድም። ከዲስክ አንድ ጊዜ ያነበበውን ፋይል፣ ተመልሶ ቢፈለግስ ብሎ፣ ባዶ ባገኘው ሜሞሪ ላይ ያቆየዋል። ሁለተኛ ሲጠየቅ ዲስኩ ድረስ ሳይሄድ ከእጁ ይሰጣል፤ ፍጥነቱ የሚመጣው ከዚህ ነው። ስለዚህ ማሽኑ ጥቂት ቀን ከሠራ በኋላ «ነፃ» የሚለው ቁጥር ተመናምኖ ምንም ሊቀረው ይደርሳል። ይህ በሽታ አይደለም። ሌላ ፕሮግራም ቦታ ከፈለገ ማሽኑ ያቆየውን አንሥቶ ወዲያው ይለቅለታል። ይህን ሁሉ አስቦ በመጨረሻው ዓምድ ላይ፣ አሁን ብትፈልግ ይህን ያህል ልታገኝ ትችላለህ የሚል ቁጥር ያስቀምጣል። መነበብ ያለበት እሱ ነበር፣ ወረቀታችን ላይ ቦታ ያጣውም እሱ ነው።

እኛ ሰኞ ሰኞ ማሽኑን ስናጠፋ ሳምንት ሙሉ የለቃቀመውን ሁሉ እየደፋንበት ነበር ማለት ነው። ከዚያ በባዶ እጁ ለሰልፉ እናቀርበዋለን። ሪፖርቱ የሚያምረው ተማሪው ፀሐይ ላይ ቆሞ ነው።

ይህን ለሚስቴ ስነግራት ምስር እየለቀመች ነበር። ነርስ ናት። ከተጋባን በኋላ እሷ ባኮ፣ እኔ ጊንጪ ተመድበን ባልና ሚስት የምንሆነው ለበዓል ለበዓል ብቻ ነበር። አምቦ ላይ ሁለታችንም ሥራ አግኝተን አንድ ጣሪያ ሥር የገባነው ገና ያኔ ነው። ሁለት ክፍል ተከራይተን፣ አልጋ ገዝተን፣ ጎረቤት እየለመድን ነበር። ሰምታኝ ስትጨርስ፣ ማሽኑ አይሞትብህ፣ ሰውየውም ይደሰታሉ፣ አጥፍተህ አብራውና ኑር አለችኝ። እኔ ስለ እውነትና ስለ ሙያ ክብር ረዘም ያለ ንግግር አደረግሁላት። ምስሩ አለቀ፣ ንግግሬ ግን አላለቀም።

ሰኞ ማጥፋቱን ተውኩት። የመስኮቷ እመቤት ሰኞም እንደ ማክሰኞ ሆነላቸው፤ ሰልፉ አጠረ። ግድግዳው ላይ ያለው መስመር ግን ወደ ወለሉ ወረደ። የመጀመሪያው ሰኞ ኃላፊው መነጽራቸውን አውልቀው አዩት። ሁለተኛው ሰኞ ወረቀቱ ድረስ ሄደው መስመሩን በጣታቸው ተከተሉት። ሦስተኛው ሰኞ ሜሞሪውን የሚበላው ማን እንደሆነ የሚያጣራ ኮሚቴ ተቋቋመ።

ኮሚቴው በርትቶ ሠራ። መጀመሪያ የተጠረጠርኩት እኔ ነኝ፤ ሰርቨሩ ላይ ፊልም ያከማቻል ተብዬ። የሕንድ ፊልም እንደምወድ የሚያውቅ ሰው ኮሚቴው ውስጥ ነበር። ፊልም ሲጠፋ ወደ ሠራተኛው ዞሩ። የማይፈለግ ፋይል የከፈተ እንዲዘጋ ማስታወቂያ ወጣ። አንድ መምህር የሠርጉን ፎቶ ከራሱ ኮምፒውተር አጠፋ፤ የእሱ ኮምፒውተር ከሰርቨሩ ጋር ምንም እንደማያገናኘው ስነግረው ጊዜው አልፎ ነበር፣ ሚስቱም ይቅር ያለችው አይመስለኝም። የሰው ኃይል ክፍሏ ኃላፊ ሜሞሪ እንዳይፈጁ ብላ ደብዳቤዎቿን አሳጠረች። ከዚያ ሁሉ ዘመቻ ኮሌጁ ያገኘው ጥቅም ይህ ብቻ ነው።

መጨረሻ ላይ ኮሚቴው፣ ከእኔ በፊት የነበረው ባለሙያ ነፃ ሜሞሪ ያመነጭ እንደነበር፣ እኔ ግን እንደማላመነጭ ደረሰበት። ደብዳቤ ተጻፈልኝ። እስከ ሩብ ዓመቱ ግምገማ ካላሻሻልኩ ወደ ካቺሲ ቅርንጫፋችን እዛወራለሁ። ካቺሲ ምንም አላደረገችኝም፤ ገበያዋ የሚያምር፣ ሕዝቧ እንግዳ የሚቀበል ከተማ ናት። ግን ከአምቦ ለመድረስ ወደ ጊንጪ ተመልሶ፣ የጭልሞን ደን በሩቁ እያዩ ወደ ሰሜን መታጠፍ፣ ከዚያ በአቧራ ወይም በጭቃ ቀኑን መጨረስ ነው። ሚስቴም አምቦ ናት። እንደገና የበዓል ባል ልሆን ነው።

ማሽኑን አጥፍቶ የማብራቱ መንገድ አሁንም ክፍት ነበር። ሚስቴ አንዴ አስታወሰችኝ፣ ሁለተኛ አላነሣችውም። ይልቅ በግምገማው ዕለት ሸሚዜን እየተኮሰች፣ ሲጠይቁህ የተጠየቅከውን ብቻ መልስ አለችኝ። ባሌ ጠቢብ ነው፣ ግን አፉ አይዘጋም ማለቷ ነበር። እሺ ብያት ወጣሁ።

ግምገማው በአዳራሹ ነበር። ተራዬ ሲደርስ ቁጥር ትቼ ስለ አዳራሹ ጠየቅኋቸው። ስብሰባ በሌለ ቀን እዚህ ማን አለ? የፒንግ ፖንግ ጠረጴዛው እዚህ ነው፣ መምህራን ፈተና የሚያርሙት እዚህ ነው፣ የተማሪዎች የኪነት ቡድን የሚለማመደው እዚህ ነው። ታዲያ አዳራሹ ተይዟል ወይስ ነፃ ነው? የዕቅድ ክፍሉ ሰው ተይዟል አለ። ዛሬስ እንዴት ገባን ስለው፣ እንዲለቁ ተነግሯቸው አለ። ይኸው፣ ሜሞሪውም እንደዚሁ ነው አልኩ። ስብሰባ እስኪመጣ ቆልፈነው ብናስቀምጠው ነፃ ይባላል፣ ግን ለማንም አይጠቅምም። ማሽኑ ከእኛ የቆለፈው የለም፤ ሥራ አስገብቶበታል እንጂ።

ኃላፊው እርሳሳቸውን አስቀምጠው ወደ እኔ አዘነበሉ።

«እንግዲህ፣ ኦቦሌሳ ኮ፣ የተያዘው ከተጠየቀ ይለቃል?»

«ወዲያው ይለቃል፣ ጌታዬ።»

«ሳያጉረመርም?»

«ማሽን ነው፤ አያጉረመርምም።»

ሳቁ፤ አዳራሹም አብሯቸው ሳቀ። እዚያ ላይ መቀመጥ ነበረብኝ። እኔ ግን ደስታ አናቴ ላይ ወጥቶ፣ ከጠቅላላው አብዛኛው በማንኛውም ሰዓት ቢጠየቅ የሚገኝ መሆኑን ጨመርኩበት። ሚስቴ እዚያ ብትሆን ሸሚዜን ትጎትተኝ ነበር።

የዚያን ዕለት ጀግና ሆኜ ዋልኩ። የሰንጠረዡ ሦስተኛ ዓምድ ተለውጦ «ሊገኝ የሚችል» ተባለ። መስመሩ ከወለል ተነሥቶ ከወረቀቱ አናት በላይ ስለወጣ የዕቅድ ክፍሉ ሰው ሌላ ወረቀት ቀጠለለት። ያመጣሁት አንድም ነገር አልነበረም፣ ማሽኑ ትናንት የነበረው ማሽን ነው፤ ቢሆንም ሜሞሪ ያሳደገ ባለሙያ ተብዬ በማኅተም የተመታ የምስጋና ወረቀት ተሰጠኝ። የዝውውሩ ደብዳቤም ተሻረ። ወደ ቤት ስሄድ ለሚስቴ ሙዝና ብርቱካን ገዛሁ። ወረቀቱን አንብባ ግድግዳው ላይ ምስማር የት እንደምንመታ ማየት ጀመረች። እንደዚያ ቀን የተደሰትኩበትን ጊዜ ብዙ አላስታውስም።

የረሳሁት ነገር የመንግሥትም የግልም መሥሪያ ቤት ሠራተኛ ሁሉ የሚያውቀውን ነው። እኛ አገር ያልተነካ ነገር ይወሰዳል። ሰኔ ሲገባ የቀረ በጀት እንዳይመለስ ሁሉም ወንበር የሚገዛው፣ የተገዛ ወንበር ላይ ሌላ ወንበር የሚደረድረው ለዚህ አይደል? እኔ ግን በሰው ሁሉ ዓይን ፊት ቆሜ፣ እጄ ላይ ብዙ የሚገኝ ነገር አለ ብዬ ተናገርኩ።

በቀጣዩ ሰኞ ኃላፊው ትርፍ ሜሞሪ ስላለን ለተቸገረ ቅርንጫፍ እናካፍል አሉ። የተቸገረው ቅርንጫፍ ካቺሲ ነበር። ካቺሲ ዓመቱን ሙሉ ሲጠይቅ የኖረው ፕሪንተር ነው፣ ነገር ግን ፕሪንተር ትርፍ አልነበረንም። የካቺሲው ማሽን ከእኛው ጋር በአንድ ግዢ የመጣ ስለሆነ፣ ራም የሚባሉት የሜሞሪ ካርዶች እዚያም ይገጥማሉ። ግማሹ እንዲነቀል ተወሰነ። ተነሥቼ ተቃወምኩ፤ ፋይሉ የሚቀመጥበት ቦታ ይጠባል፣ የመስኮቱ ሥራ ይዘገያል አልኩ። ኃላፊው በፍቅር ነው ያዩኝ።

«ከተጠየቀ ይለቃል ያልከን አንተ አይደለህ?»

እኔ ነኝ። ካርዶቹን ወስዶ የሚገጥም፣ እዚያም ሜሞሪ የሚያሳድግ ሰው አስፈለገ፤ አዳራሹ በሙሉ ወደ እኔ ዞረ። እስከሚቀጥለው ትእዛዝ ድረስ ካቺሲ እንድሠራ ተመደብኩ። የመጀመሪያው ደብዳቤ ወደ ካቺሲ የሚልከኝ ለቅጣት ነበር፣ ይህኛው በክብር ነው፤ መንገዱ ግን ያው መንገድ ነው። ሚስቴ ሁለቱን ደብዳቤና የምስጋናውን ወረቀት ምንጣፉ ላይ ዘርግታ አንድ በአንድ አነበበች። አልተቆጣችም። ብትቆጣ ይሻለኝ ነበር። ተነሥታ ሻንጣዬን ከአልጋው ሥር ጎተተችው።

ካቺሲ ስደርስ የቅርንጫፉ ተጠሪ ካርቶኑን በሁለት እጃቸው ተቀብለው ፕሪንተሩን ፈለጉ። ከጣት የቀጠኑ ካርዶች ሲያገኙ ቀና ብለው አዩኝ፤ ሰውዬው ጨዋ ስለነበሩ «ገለቶሚ» ብለው አመሰገኑ። ካርዶቹን ገጠምኩ። የቅርንጫፉ ተማሪ ጥቂት ነው፤ ማሽኑ የያዘውን ሥራ በቀድሞው ሜሞሪም ተዝናንቶ ይሠራው ነበር። አሁን ትልቅ ቤት ውስጥ እንደቀረ አንድ ሽማግሌ ሆነ። እኔም የተከራየሁት ክፍል ውስጥ እንደዚያው ነበርኩ። ሽሮ ሠርቼ በላሁ፣ ገበያ ቀን ወጥቼ ከብት አየሁ፣ ሲመሽ ሚስቴ ጋር ደወልኩ። ኔትወርክ ሲኖር አወራን።

አምቦ ምዝገባ ሲጀመር የመስኮቷ እመቤት ደወሉልኝ። ልጄ፣ አሁን ሳምንቱ ሁሉ ሰኞ ሆኗል አሉኝ። አዘንኩላቸው፤ ግን ያልኩትን ሁሉ አትመኑኝ፣ በውስጤ ደስም ብሎኛል። ራሙ አምቦ ካስፈለገ፣ ራሙን የሚገጥመው ሰውም አምቦ ያስፈልጋል ማለት ነው። የካቺሲውን ሪፖርት ስልክ ላይ ሳነብ አንድም ነገር አልጨመርኩም፣ አልቀነስኩም፤ ሊገኝ የሚችል የሚለውን ቁጥር ግን ከሌሎቹ ቀስ ብዬ፣ ሁለት ጊዜ አነበብኩት። በሳምንቱ ኃላፊው ራሳቸው ደወሉ። በሄድክበት ሁሉ ሜሞሪ ታሳድጋለህ ብለው አመሰገኑኝ፤ አምቦ ስለተቸገረ መኪና ልከናል አሉ።

ሻንጣዬን አሰናዳሁ። የቤት ኪራዬን ከፍዬ ጨረስኩ፣ የተረፈኝን ሽሮ ለአከራዬ ሰጠሁ። ለሚስቴ ደውዬ ማታ እራት አብረን ነን አልኳት፤ ዶሮ ልሥራ ወይ አለችኝ፣ ሥሪ አልኳት። ካርዶቹን በገዛ እጄ ነቅዬ በጋዜጣ ጠቀለልኳቸው።

ሾፌሩ ከምሳ በፊት ደረሰ። የኮሌጁ ነባር ሾፌር ነው፣ እንተዋወቃለን። ጋዜጣውን ተቀብሎ ከመሪው አጠገብ አስቀመጠው። በሩን ከፍቼ ሻንጣዬን የኋላው ወንበር ላይ ላስቀምጥ ስል አፍሮ እጄን ያዘኝ።

«ስለ አንተ የተባለ ነገር የለም፣ ወንድሜ። ራሙን አምጣ ነው ያሉኝ።»

ኪሱ ውስጥ ያለውን ደብዳቤ አወጣ። ባለሙያው በሄደበት ሁሉ ሜሞሪ ማሳደግ እንደሚችል በተግባር ስላሳየ፣ እዚያው ሆኖ ልምዱን ያካፍል ይላል። አምቦ ላይ ካርዶቹን የሚገጥም ሌላ ሰው አግኝተዋል፤ ለመግጠም መጫን ብቻ ነው የሚያስፈልገው። መኪናው አቧራውን አንሥቶ ሲሄድ ከሻንጣዬ ጋር በሩ ላይ ቆሜ ቀረሁ። ያኔ ያለቀስኩት ጥቂት ነው፣ ተጠሪው ሳያዩኝ።

ሚስቴ ጋር ለመደወል ኔትወርኩ እስኪመጣ ጠበቅኩ፤ በእውነት ግን ኔትወርኩ ነበረ፣ የጠፋው ድፍረቱ ነው። ስነግራት መጀመሪያ ሳቀች። ራሙ ቀድሞህ አምቦ ገባ አለች። ከዚያ ሳቋ ቆመ፤ ወጡ ሲንተከተክ በስልኩ ይሰማኝ ነበር። ዶሮውን ምን ታደርጊዋለሽ አልኳት፣ የምጠይቀው ቢጠፋኝ። ቅዳሜ ይዤልህ እመጣለሁ አለችኝ። ወጡን ከእሳት አውርዳ ተመለሰችና፣ ያ ሁሉ ደብዳቤ ሲመጣ ያልተናገረችውን ያኔ ተናገረች።

«ሌላ ጊዜ አንተን ሲጠይቁህ፣ ተይዣለሁ በላቸው።»